ክሪክ ስትገዙ ቶኑን መጨረሻ ላይ እዩት

ሰላም ለሁላችሁ።

ክሪክ (መኪና ማንሻ) ሊገዛ ሱቅ የገባ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ስንት ቶን እንደሚያነሳ ነው። እኔ ደግሞ ቶኑ መጨረሻ ላይ ይታይ ባይ ነኝ። ለቤት መኪና የሚበቃ ባለ 2 እና ባለ 3 ቶን ክሪክ በየሱቁ ሞልቷል። ሰውን ጉድ የሚያደርገው ሌላ ነው። አንዱ ክሪኩን የማይሆን መሬት ላይ ያቆመዋል። ሌላው ቁመቱ ከፍ ያለ ክሪክ ይገዛና መኪናው ሥር አልገባ ሲለው ያገኘው ቦታ ላይ ይደግፈዋል። ብዙው ደግሞ ክሪኩን ብቻ አምኖ መኪናው ሥር በጀርባው ይተኛል። ይሄኛው እንቅልፍ ይነሳኛል።

ያለሁት ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። ቤታችን ኮሮላና ሲየና አለ። ዘይትና ፊልትሮ እቀይራለሁ፣ ጎማ አዘዋውራለሁ፣ የፍሬን ሸራ እቀይራለሁ። ከዚያ ያለፈውን ለጋራዥ እተዋለሁ። የምፈልገው ወለል ላይ የሚንከባለለውን ባለ ጎማ ክሪክ ነው። የጠየቅኳችሁ ሦስት ነገር ነው። ብረት ይሻላል ወይስ አሉሚኒየም? ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ቁመቱ ስንት ይሁን? ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃስ ክሪኩ ይቅደም ወይስ መደገፊያው (መኪናው ከተነሳ በኋላ ከሥሩ ቆሞ የሚሸከመው ብረት)?

በዚህ ክር (በዚህ የመድረኩ ውይይት) ላይ መልሱ ስለበዛ፣ አሁን ለምትገቡ ሰዎች እንዲመች የተባለውን በየቁጥሩ እዚሁ አስቀምጫለሁ።

1ኛ መልስ። ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ሰው ጻፉ። ሰላምታቸው ራሱ ደስ ይላል። የእሳቸው ምርጫ ዝቅ የሚል ባለ 3 ቶን የብረት ክሪክ ነው። ሲወርድ ከ10 ሳንቲ ሜትር በታች ይሆናል፣ ሲወጣ 46 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። 35 ኪሎ ገደማ ስለሚመዝን ብዙ ሰው ይፈራዋል፤ እሳቸው ግን ከጋራዡ ስለማይወጣ ክብደቱ ምንም እንዳላስቸገራቸው ነገሩን። ባለ ሁለት ፒስተን ፓምፕ ያለውንም መከሩ። ሸክም እስኪነካ ድረስ በጥቂት ምት ከፍ ይላል፣ ወገብ ያሳርፋል።

2ኛ መልስ። ሲያትል ያለች እህታችን አልተስማማችም። የምትኖረው አፓርትመንት ነው፣ ክሪኩን ከዕቃ ቤት እስከ መኪና ማቆሚያው ተሸክማ ትወስዳለች። ለእሷ 15 ኪሎ ገደማ የሆነው ባለ 1.5 ቶን አሉሚኒየም ክሪክ ነው የሚሆነው። ክሪክ መኪናውን ሙሉ ለሙሉ እንደማያነሳ አስታወሰችን። የሚያነሳው አንድ ጎኑን ወይም አንድ ጫፉን ነው። ኮሮላ በሙሉው 1,300 ኪሎ ገደማ ነው፣ ስለዚህ እስካሁን ክሪኩ ጨንቆት እንደማያውቅ ጻፈች።

3ኛ መልስ። እሷን በጨዋ ቋንቋ ያረመ ሰው መጣ። ለኮሮላው ልክ ነሽ፣ ሲየናውን ግን ረሳሽው የሚል ነው ነገሩ። ሲየና ከ2,000 ኪሎ በላይ ይመዝናል፣ ሞተሩ ፊት ለፊት ስለሆነ ከግማሽ የሚበልጠው ክብደት ከፊት ነው። የአሜሪካ ቶን ደግሞ 2,000 ፓውንድ፣ ማለትም 907 ኪሎ ነው። ስለዚህ አሜሪካ የተሸጠ ባለ 1.5 ቶን ክሪክ አቅሙ 1,360 ኪሎ ላይ ያልቃል። የሲየናን ፊት ቢያነሳም አቅሙ ጫፍ ላይ ነው የሚሠራው። ባለ 3 ቶኑ 2,722 ኪሎ ስለሆነ ተርፎት ያነሳል። አውሮፓና ኢትዮጵያ የሚሸጠው በሜትሪክ ቶን ከሆነ ግን 3 ቶን 3,000 ኪሎ ነው። ቶን መጨረሻ ላይ ይታይ አልኩ እንጂ አይታይ አላልኩም። ይሄ ስሌት ግን መታወቅ አለበት፣ እጅ ነስቻለሁ።

4ኛ መልስ። ለእኔ የክሩ ቁም ነገር ይሄ ነው፣ ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ላስቀምጠው። ጸሐፊው አዲስ አበባ በጋራዥ ሥራ የሚተዳደር ወንድም ነው። እኛ ስለ ቁመትና ስለ ክብደት የምናወራው ከሥራችን ለስላሳ ሲሚንቶ ስላለን እንደሆነ ነገረን። እሱ ቤት ለቤት ሲጠራ የሚያገኘው ኮብልስቶን ነው፤ ካልሆነም ጠጠር የፈሰሰበት ግቢ። የክሪኩ ጎማ ለመጎተቻ ብቻ የተገጠመ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። አይደለም። ክንዱ ሲነሳ ቀጥ ብሎ አይወጣም፣ ቅስት እየሠራ ነው የሚወጣው። መኪናው ከፍ ባለ ቁጥር የክሪኩ ራስ ወደ እጀታው በኩል ይሸሻል። ክሪኩ ከሥር መንከባለል ከቻለ ነገሩ ራሱን ያስተካክላል። የብረት ጎማው በሁለት ኮብልስቶን መሀል ከተቀረቀረ ግን ወይ መኪናውን ይጎትታል፣ ወይ ራሱ ከተደገፈበት ነጥብ ላይ ይንሸራተታል።

መፍትሔውንም ጻፈ። ወፍራም ላሜራ ወይም ወፍራም ኮምፔንሳቶ መሬቱ ላይ ያነጥፋል። ንጣፉ ከክሪኩ መርዘም አለበት፣ ጎማው የሚሄድበት ቦታ ይፈልጋላ። ከሥር የሚወላወል ከሆነ አሸዋ በትኖ ያስተካክላል። ከዚያ የማይነሱትን ጎማዎች በሁለት በኩል ታኮ ያስገባባቸዋል። ትንሽ ከፍ ያደርግና ቆም ብሎ ክሪኩ ወዴት እንደሄደ ያያል። ጠማማ ከሄደ አውርዶ እንደገና ይጀምራል እንጂ በእግሩ ገፍቶ አያቃናም። እኔ ይሄን ሳነብ፣ ክሪክ ከመግዛቴ በፊት የመሬቴን ተዳፋት በውሃ ልክ ለካሁ።

5ኛ መልስ። አንዱ ገብቶ፣ በየሰፈሩ ጎሚስታ እያለ ለምን እንደምንደክም ጠየቀ። ይኸው ነው፣ ሌላ አልጨመረም።

6ኛ መልስ። ለ5ኛው ቆጣ ብሎ መለሰ። ክሩ የተከፈተው ራሱ መሥራት ለሚፈልግ ሰው ነው፤ ካልፈለግክ እለፍ አለው በአጭሩ። ከዚያ ስለ ጎሚስታ ዋጋ ሁለት ሦስት ሰዎች ተነታረኩ፣ እሱን ዘልዬዋለሁ።

7ኛ መልስ። ዱባይ ያለ ወንድም ስለ አስፋልት ጻፈ። በበጋ አስፋልቱ ይለሰልሳል። ክሪኩ ሰፊ ጎማ ስላለው ብዙም አይሰጥምም፣ የመደገፊያው ቀጫጭን እግሮች ግን ቀስ ብለው ይገባሉ። ጠዋት ቀጥ ብሎ የቆመ መኪና ከሰዓት ዘመም ብሎ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ከእያንዳንዱ መደገፊያ ሥር 2 ሳንቲ ሜትር ገደማ የሚወፍር ኮምፔንሳቶ ያስቀምጣል። የ4ኛውን ምክር የሚያጠናክር ነው።

8ኛ መልስ። ይሄ ሰው ስለ ክሪኩ ሳይሆን ስለ መደገፊያው ነው የመጣው፣ ማስረጃም ይዟል። በፈረንጆቹ 2020 አሜሪካ ውስጥ ሃርበር ፍሬይት የተባለው የመሣሪያ መደብር፣ ፒትስበርግ በሚል ስም የሸጣቸውን ባለ 3 እና ባለ 6 ቶን መደገፊያዎች መልሶ ሰብስቧል። ብዛታቸው ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ነበር። ምክንያቱ የፋብሪካው ማምረቻ መሣሪያ ማርጀቱ ነው። ከፍታውን የሚይዘው ምላስ ጥርሱ ውስጥ በበቂ ጥልቀት አይገባም ነበር። በዚያው ዓመት ደግሞ በምትክ ከተሰጡት ባለ 3 ቶኖች ውስጥ የብየዳ ችግር ተገኘና እነሱም ተጠሩ። ስለዚህ ያገለገለ መደገፊያ ከሰው የሚገዛ፣ ወይም ከዘመድ የተቀበለ፣ ሞዴል ቁጥሩን ከተሰበሰቡት ዝርዝር ጋር እንዲያስተያይ መከረ። የእሱ ምርጫ ከጥርሱ ሌላ ተጨማሪ ብረት ፒን የሚገባበት ነው። ምላሱ ቢያመልጥ እንኳ ፒኑ ይይዛል። አቅሙ የተጻፈው ለአንዱ ይሁን ለጥንዱ አንብቡ የሚለውም የእሱ ነው። ብዙ ሰው ይሄን አያይም።

ፍራንክፈርት ያለች አንዲት እህት ከሥሩ ገብታ፣ አውሮፓ ውስጥ ክሪክ ላይ ኢኤን 1494 የሚለውን ደረጃ እንደምትፈልግ ጨመረች። አሜሪካ ያለን ሰዎች የኤ ኤስ ኤም ኢን (የአሜሪካ መካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርን) ደረጃ ነው የምናየው።

9ኛ መልስ። እዚህ ላይ አየሩ ተቀየረ። አንድ ሰው መጣና ይሄ ሁሉ ወሬ ሰው ለማስፈራራት ነው አለ። ከልጅነቱ ጀምሮ በክሪክ ብቻ ሲሠራ ኖሯል፣ አባቱም እንደዚያው። ክሪክ ሁሉ ቻይና የተሠራ ስለሆነ በስም ልዩነት ገንዘብ የሚያባክን ሞኝ ነው ሲልም ደመደመ። የመጨረሻው ላይ ግማሽ እውነት አለ። ብዙዎቹ በተለያየ ስም ቢሸጡም የተሠሩት ቻይና ነው። ግን ተመሳሳይ አገር መሠራት ተመሳሳይ ጥራት ማለት አይደለም።

10ኛ መልስ። የአዲስ አበባው የጋራዥ ሰው ተመለሰ፣ በዚህ ጊዜ ቃሉ ጠንከር ያለ ነው። መጀመሪያ አሠራሩን አስረዳ። እጀታውን ስትጫን ትንሿ ፒስተን ዘይት ትገፋለች፣ ዘይቱ ትልቁን ፒስተን ይገፋል። ዘይቱ ተመልሶ እንዳይወርድ የምታግደው አንዲት ትንሽ የብረት ኳስ ናት። በትልቁ ፒስተን ዙሪያ ደግሞ ቀለበት ጎሚኒ (ዘይቱ እንዳያመልጥ የሚዘጋ ላስቲክ) አለ። መኪናው የተሸከመው በእነዚህ ሁለቱ ነው። ከኳሷ ሥር የአሸዋ ቅንጣት ከገባ ክሪኩ ቀስ እያለ ይወርዳል። ጎሚኒው ከተቀደደ ግን ቀስ አይልም። አብሮት ይሠራ የነበረ ልጅ ክሪክ ከድቶት እጁ በዲስክና በመሬት መሀል እንደቀረ ጻፈ። ልጁ ዛሬ በዚያ እጁ ብሎን ማጥበቅ አይችልም። ከዚያ 9ኛውን፣ አባትህ ምንም አልሆኑም ማለት አንተም አትሆንም ማለት አይደለም አለው። ሌላም ያለው ነበር፣ እሱን እዚህ አልደግመውም። ሐሳቡን ግን ሙሉ በሙሉ እደግፋለሁ። ክሪክ ማንሻ ነው። መሸከም የመደገፊያው ሥራ ነው።

11ኛ መልስ። 9ኛው መለሰ። ተቆጥቷል፣ ሰው በሥርዓት ያናግረኝ አለ። እንደ እውነቱ ተገቢ ነው። ከቁጣው ሥር ግን የሚጠቅም ነገር ነበረው። ጎማ ሲፈታ የፈታውን ጎማ ሁልጊዜ ከመኪናው ጎን ሥር አስተኝቶ ያስቀምጣል። ክሪኩ ቢከዳ መኪናው ጎማው ላይ ያርፋል። ጋሼ ከቨርጂኒያ ገብተው ሁለቱንም አረጋጉ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ፣ መደገፊያውም ይደረግ፣ ጎማውም ከሥር ይግባ ብለው ክርክሩን ዘጉት።

12ኛ መልስ። ክሪኩ መውጣት ያቆመበት አንድ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ጠየቀ። ሌላው ወዲያው ኦሊዮ ፍሬን እንዲጨምርበት ነገረው።

13ኛ መልስ። ቢያንስ አራት ሰው በአንድ ላይ ነው ይሄን ያረመው። የፍሬን ዘይት ክሪክ ውስጥ በፍጹም አይገባም። የብዙ ክሪክ ጎሚኒ ለማዕድን ዘይት የተሠራ ነው፤ ኦሊዮ ፍሬን ያሳብጠውና ያበላሸዋል። የሚገባው የክሪክ ሃይድሮሊክ ዘይት ነው። ብዙ ጊዜ ደግሞ ችግሩ የዘይት ማነስ ሳይሆን የገባ አየር ነው። ሸክም የሌለበትን ክሪክ ማውረጃውን ከፍቶ እጀታውን ደጋግሞ መምታት፣ ዘግቶ ማንሳት፣ እንደገና ማውረድ። ዘይቱ የሚሞላው ክንዱ ሙሉ በሙሉ ወርዶ ነው። ተነስቶ ከሞሉት ሲወርድ ይተርፋል። ከልክ ያለፈ ጭነት መከላከያ ቫልቩን ግን ማንም እንዳይነካው ተባለ። እሱ ፋብሪካ ላይ የተስተካከለ ነው፣ ክሪኩ ከአቅሙ በላይ እንዳያነሳ የሚከለክለው እሱ ነው። ጠያቂው በማግስቱ ተመልሶ አየሩን ሲያወጣ እንደሠራለት ነገረን።

14ኛ መልስ። ከዚህ በኋላ ወሬው ኢትዮጵያ ገባ። አንዱ ለወንድሙ ክሪክ ይዞ መሄድ ይፈልጋል። ከአሜሪካ በኢትዮጵያ አየር መንገድ በኢኮኖሚ ክፍል ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ ነው። ስለዚህ 35 ኪሎ ብረት አይታሰብም፣ 15 ኪሎው አሉሚኒየም ግን ይገባል። ዘይት ስላለበት አስቀድሞ አየር መንገዱን ይጠይቅ ተባለ። ወንድሙ የሚነዳው ቪትዝ ነው፣ 1 ቶን ገደማ። ለቪትዝ ባለ 1.5 ቶን ከበቂ በላይ ነው። ከዚያ ስለ ቪትዝ መለዋወጫ ዋጋ ረጅም ምሬት ተከተለ። ልብ የሚነካ ነበር፣ ግን ሌላ ክር ይገባዋል።

15ኛ መልስ። የአዲስ አበባው ሰው እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ለስለስ ብሎ። ሻንጣ ውስጥ ከማስጨነቅ ሶማሌ ተራ አይቶ መግዛት ይቻላል አለ። አይቶ መግዛት ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ግን በዝርዝር ጻፈ፣ እኔም አሜሪካ ሱቅ ውስጥ ያንኑ ነው የማደርገው። ክሪኩን ባዶውን እስከ መጨረሻው አንሱት። የትልቁን ፒስተን ዘንግ በነጭ ጨርቅ ጥረጉት። ጨርቁ ላይ ስስ የዘይት ፊልም ቢታይ ችግር የለም፣ ጠብታ ከወጣ ተዉት። ዘንጉ ላይ ጭረት ካለ ጎሚኒውን ይበላዋል፣ እሱንም ተዉት። የክንዱን ብየዳ ጥፍራችሁን አስኪዱበት፤ ክፍተት ወይም በቀለም የተሸፈነ ስንጥቅ ጥፍር ይይዛል። ከዚያ ማውረጃውን በትንሹ አዙሩ። ጥሩ ክሪክ በትንሽ ዙር ቀስ ብሎ ይወርዳል። ዱብ ካለ፣ መኪና ሲኖርበትም ዱብ ይላል። የሚቻል ከሆነ የሻጩን መኪና አንስታችሁ፣ ከመሬት እስከ ክሪኩ ራስ በሜትር ለክታችሁ፣ ሻይ ጠጥታችሁ ተመልሳችሁ ለኩ። ጎሚኒው ሶማሌ ተራ ለየብቻው ይገኝ እንደሆነም ሳይገዙ በፊት መጠየቅ ነው። መለዋወጫ የሌለው ክሪክ አንዴ ካፈሰሰ ብረት ሆኖ ይቀራል።

16ኛ መልስ። አዲስ አበባ አይዲ 4 (የቮልስዋገን ኤሌክትሪክ መኪና) የገዛ ሰው ለእሱስ ምን እንደሚሻል ጠየቀ። በጣም ወቅታዊ ጥያቄ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት የቤንዚንና የናፍጣ የቤት መኪና እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህ ከተማው በኤሌክትሪክ መኪና ተሞልቷል። መልሱን የሰጡት የ3ኛው ስሌት ጸሐፊና የሲያትሏ እህት ተጋግዘው ነው። አይዲ 4 2 ቶን ገደማና ከዚያ በላይ ነው፣ አይዲ 6 ይበልጣል። ስለዚህ የቪትዙ 1.5 ቶን ክሪክ እዚህ አይሠራም፣ 3 ቶን ይሁን። ዋናው ነገር ግን ባትሪው ነው። የመኪናው ሆድ በሙሉ ባትሪ ነው ማለት ይቻላል። እዚያ ላይ ክሪክ የደገፈ ሰው የባትሪውን ሽፋን ይሰረጉዳል፤ ጉዳቱም ከክሪኩ ዋጋ ጋር አይወዳደርም። መደገፍ ያለበት አምራቹ በጎን በኩል ምልክት ያደረገባቸው አራት ነጥቦች ላይ ብቻ ነው። ቴስላ ላይ እነዚህ ነጥቦች ቀዳዳ አላቸው፣ ለቀዳዳው ልክ የሆነ ትንሽ የጎማ ትራስ ይገባበታል። ሌሎቹ ላይ የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ ሥዕሉን ያሳያል።

17ኛ መልስ። ሲያትሏ ለኮሮላና መሰሎቹ የራሷን አሠራር ጨመረች። በጎን በኩል ከሥር የሚወርደው ቀጭን የቆርቆሮ ጠርዝ ላይ ባዶ ብረት ክሪክ ከተደገፈ ይታጠፋል፣ ከዚያ ዝገት ይጀምረዋል። መሀሉ የተሰነጠቀ የጎማ ትራስ የክሪኩ ራስ ላይ ታስቀምጣለች፣ ጠርዙ ስንጥቁ ውስጥ ይገባል። የኋላውን የሚያነሳ ሰው ደግሞ የእጅ ፍሬኑን እንዳያምን አስጠነቀቀች። የእጅ ፍሬን የኋላ ጎማ ነው የሚይዘው፣ የኋላ ጎማ አየር ላይ ከሆነ ማንን ይይዛል? የፊቶቹ ታኮ ይግባባቸው።

18ኛ መልስ፣ የእኔ። ያዘዝኩት ዝቅ የሚል ባለ 3 ቶን የብረት ክሪክ ነው። ከእሱ ጋር ባለ ፒን አራት መደገፊያ፣ አራት ታኮና ባለ ስንጥቅ የጎማ ትራስ አለ። ለሦስተኛው ጥያቄዬ መልሱ እንዲህ ሆነ፦ ገንዘቡ ለሁለቱም ካልበቃ መኪናው ለጊዜው ጋራዥ ይሂድ፣ ሁለቱ አብረው ይገዙ። ኮምፔንሳቶውን ቅዳሜ እቆርጣለሁ። ሲየና ያላችሁ ሰዎች፣ የፊት መሀለኛው የክሪክ ነጥብ ከጫፍ ምን ያህል ገባ ብሎ እንዳለና እጀታው መከላከያውን ይነካ እንደሆነ የምታውቁ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ፤ የመኪናችሁን የሥሪት ዓመትም መጻፍ እንዳትረሱ።